ፈንክሽን የሚመልሰውን ያስተማረችኝ ሴት

ናይሮቢ የገባሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ በአየር መንገድ ሥራ ቀድሞኝ መጥቶ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቶ ጠበቀኝ። እኔ አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህርት ነበርኩ። ሥራዬን ለቅቄ ስመጣ የሚቆጨኝ አልመሰለኝም ነበር። ግን መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ዕቃውም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ቀኑ አልመሽ አለኝ። ባለቤቴ "ለምን ትምህርት አትጀምሪም?" ሲለኝ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እየተመላለስኩ መሃል ከተማ ካለ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ገባሁና ድረ ገጽ መሥራት ተማርኩ። ኢንተርኔት ካፌ በየጥጉ የሚከፈትበት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "እኔም ድረ ገጽ ይኑረኝ" የሚልበት ጊዜ ነበር።

ኮርሱን እንደጨረስኩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ጎረቤታችን፣ ጊጊሪ ሰፈር ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት አማርኛ የሚችል የድረ ገጽ ሠራተኛ እየፈለገ መሆኑን ነገረችኝ። አመለከትኩ፤ ፈተኑኝ፤ ለሙከራ ጊዜ ብለው ቀጠሩኝ።

የመጀመሪያ ቀን ኬንያዊው አለቃችን ግቢውን አዙሮ ካሳየኝ በኋላ "የምትሠሪው ከአገርሽ ሰው ጋር ነው፤ ሁሉንም እሷ ታሳይሻለች" አለኝና አንድ ክፍል ከፍቶ አስገባኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት የምትመስል፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀጥ ብላ የተቀመጠች ሴት ኪቦርድ እየመታች ነበር። አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋለች፤ ከማዳመጫው ውስጥ ጥድፍድፍ የሚል የማሽን ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሚል ግን አይለይም። ጠረጴዛዋ ላይ ኪቦርዱ አለ፤ ስክሪን ግን የለም። አለቃችን አስተዋውቆን ሲወጣ፣

"ስክሪንዎ ተበላሽቶ ነው?" አልኳት።

"የለም፣ ደህና ነው። ለጎረቤት ክፍል ሰጥቼው ነው" አለችኝ። "እኔ ምን ያደርግልኛል?"

ፊቷን ወደ ድምፄ ስታዞር ነው የገባኝ። ዓይኖቿ ወደ እኔ ቢዞሩም አያዩኝም። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

"አትደንግጪ" አለችኝ እየሳቀች። "ይህንን የጠየቅሽኝ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ደግሞ 'እርስዎ' አትበዪኝ፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁለታችን ብቻ ነን፤ እርስ በርሳችን እየተከባበርን ልንሞት ነው።"

"አንቺ" ለማለት ግን አፌ እሺ አላለኝም። በመጨረሻ "እትዬ" እያልኩ አንቺ ልላት ተስማማን። የግቢው ዘበኞች "ማማ" ነበር የሚሏት፤ ጠዋት ስትገባ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ለይታ በኪስዋሂሊ ትመልስላቸዋለች።

ኮምፒዩተር አንድ ክፍል ሙሉ ይይዝ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ፕሮግራም ስትጽፍ የኖረች ሰው ናት። ዓይኗን ያጣችው ከተማረች፣ ከሠራች፣ ስም ካተረፈች በኋላ ነው፤ በሕመም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን ሁሉ ያነብላታል፤ ፊደሉን፣ ቅንፉን፣ ነጥቡን ሳይቀር። ድምፁን እስከ መጨረሻው ታፈጥነዋለች። አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብሞክረው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሰማሁ ነው የመሰለኝ፤ አንድ ቃል አልያዝኩም። እሷ በዚያ ፍጥነት እያዳመጠች፣ ሻይ እየጠጣች፣ መሃል ላይ "እዚህ ጋ ቅንፉ አልተዘጋም" ትላለች።

ያን ጊዜ የምንሠራው ገጽ በጦርነትና በስደት የተለያዩ ዘመዶች የሚፈላለጉበት ነበር። በየካምፑ ያሉ ሠራተኞቻችን የስደተኞችን ስም ይልካሉ፤ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ ቢሯችን ወይም ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ይመጣና ስሙ ይፈለግለታል። ችግሩ ስሙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑ ነው። በ"ጸ" የሚጀምረውን ስም አንዱ ሠራተኛ በሁለት ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ፣ ሦስተኛው እንደ ጆሮው። የሶማሌውም የኦሮሞውም ስም እንደዚሁ ነው። ያው አንድ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ማንኛውንም ስም ተቀብሎ ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚለውጥ ፈንክሽን መጻፍ ነበር። ፈንክሽን ማለት አንድ የተወሰነ ሥራ የተሰጠው፣ ስሙን ጠርተው የሚያዙት የፕሮግራም ክፍል ነው። የእኔ ፈንክሽን ያስተካከለውን ስም አንድ ቫሪያብል ይቀበለዋል፤ ቫሪያብል ማለት ያገኙትን የሚያስቀምጡበት፣ ስም ያለው ቦታ ነው። ከዚያ ያ ቫሪያብል ለፍለጋው ይሰጣል።

ደስ እያለኝ ጻፍኩት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ ለመሞከር የተበላሸ ስም አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ የተስተካከለው ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ግን "ምንም አልተገኘም" ይላል። ስሙን መረጃው ውስጥ ራሴ ያስገባሁት ነው፤ መኖሩን አውቃለሁ። ደጋግሜ አየሁት፣ የፍለጋውን ክፍል ፈትቼ እንደገና ጻፍኩት፣ ያው ነው። በማግስቱም እዚያው ላይ ነበርኩ። የሂሳብ መምህርትነቴ እዚህ የት ገባ ብዬ ራሴን እስክጠላ ደረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ላይ እሷ "ትንፋሽሽ አላማረኝም" አለችኝ። "የጻፍሽውን አንብቢልኝ እስቲ።"

"ፋይሉን ልላክልሽ?"

"አይ፣ አንቺ አንብቢልኝ። በአፍሽ።"

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ፈንክሽኗ ስሙን ትቀበላለች፤ ክፍት ቦታውን ታጠፋለች፤ ፊደሎቹን ትለውጣለች፤ "ኢኮ" በሚል ትእዛዝ የተስተካከለውን ስም ስክሪኑ ላይ ታወጣለች፤ ቅንፍ ይዘጋል። እዚህ ላይ እጇን አነሳች።

"ቆይ። ስሙን ካስተካከለች በኋላ ለማን ሰጠችው?"

"እዚህ ይታየኛል፣ እትዬ። ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። በትክክል።"

"ለአንቺ ታየሽ። እኔ አየሁት?"

ከስክሪኑ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ፕሮግራሙም እንደ እኔ ነው" አለችኝ ረጋ ብላ። "ስክሪን አያይም። አንቺ ለዓይን ያሳየሽውን ነገር እሱ በእጁ አልያዘውም።"

ይህን ካለች በኋላ ከቦርሳዋ የመሳቢያዋን ቁልፍ አወጣችና ከፍ አድርጋ አንቃጨለችው።

"ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነው።"

"አየሽው?"

"አዎ፣ አየሁት።"

"ጥሩ። እንግዲያው መሳቢያዬን ክፈቺ።"

"ቁልፉን ስጪኛ!"

"አይተሽዋል አይደል? ባየሽው ክፈቺዋ።"

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጄን በዳበሳ ፈልጋ መዳፌን ዘረጋችና ቁልፉን አስቀመጠችበት። "ሪተርን ማለት ይሄ ነው" አለች። "ኢኮ ማሳየት ነው፤ ሪተርን ማስረከብ ነው። አሁን መክፈት ትችያለሽ።" ቁልፉን መልሳ ተቀበለችኝና "አሁን ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ" አለችኝ። ሰበሰብኩ። ክንዴን እየዳበሰች መጥታ ቁልፉን በአየር ላይ ለቀቀችው፤ መሬት ላይ ተንቃጨለ። "አየሽ፣ እኔ ሰጥቻለሁ። ተቀባይ ግን አልነበረም። ፈንክሽኗን ጠርተሽ፣ የመለሰችልሽን በቫሪያብል ካልተቀበልሽ የሚሆነው ይሄ ነው። ስህተት አትልሽም፣ አትጮህብሽም። ዝም ብሎ ይወድቃል።"

ቁልፉን ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ሁሉም ነገር ገባኝ። አንዱን ቃል በአንድ ቃል ተካሁ፤ "ኢኮ" የነበረውን "ሪተርን" አደረግኩት። ገጹን ከፈትኩ። ቀድሞ ከላይ ይታይ የነበረው ስም ጠፋ፤ ከሥር ግን የምፈልገው ሰው ከነአባቱ ስም ወጣ። እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው፤ ከጎረቤት ክፍል ሰው ሮጦ መጣ።

አሥራ ምናምን ዓመት ተማሪ ቤት ያላስጨበጠኝን እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የምማረው። አንድ ቀን ከሪተርኑ በኋላ ተጨማሪ መስመር ጽፌ ለምን እንደማይሠራ ስጠይቃት፣ "ሰጥታሽ ወጥታ ሄዳለች እኮ፤ ከኋላዋ የምትናገሪውን ማን ይስማሽ?" አለችኝ። ቁጣ አታውቅም። ግን ገደምዳሜ ነገር አትወድም፤ ሰውም ሆነ ፕሮግራም ሲጠየቅ ጥርት ያለ መልስ እንዲሰጥ ትፈልጋለች።

ይህ ነገሯ ከየት እንደመጣ የገባኝ የፍለጋውን ገጽ ስናጠናቅቅ ነው። ሰው ሲገኝ ፈንክሽኔ መረጃውን ይመልሳል፤ ሳይገኝ ሲቀር ግን ምንም እንዲመልስ አላደረግኩም ነበር፤ ገጹ ባዶ ነጭ ይሆናል። እኔ ባዶ መሆኑ ራሱ መልስ ነው ብዬ ነበር። እሷ አልተቀበለችኝም።

"ያልተገኘውም ይመለስ" አለች። "'አላገኘሁም' ብላ ትመለስ። ባዶ ገጽ ፊት የተቀመጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ይሁን፣ ዘመዱ ሞቶ ይሁን፣ በምን ያውቃል?"

ከዚያ ኪቦርዱን ገፋ አድርጋ ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ። ዓይኗ የታመመ ጊዜ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትዞር ማንም ቁርጡን አልነገራትም። አንዱ "ትንሽ እንጠብቅ" ይላታል፣ ሌላው ጠብታ ይቀይርላታል፣ ሌላው ለእህቷ በሹክሹክታ አውርቶ ለእሷ "አይዞሽ" ብሎ ይሸኛታል። ሥራዋን አቁማ፣ ይሻለኛል እያለች ቤት ተቀመጠች። በመጨረሻ እዚሁ ናይሮቢ አንድ ሐኪም እጇን ይዞ "ዓይንሽ አይመለስም" አላት።

"አለቀስሽ?" አልኳት።

"አዎ፣ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ዓይን የሌለው ሰው ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ ማጠያየቅ ጀመርኩ። ያ ሰውዬ ክፉ መልስ ነው የሰጠኝ፤ ግን መልስ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።"

ገጹን እንዳለችው አደረግሁት። ሳይገኝ ሲቀር "እስካሁን አልተገኘም፤ ጥያቄዎ ተቀምጧል፤ አዲስ ስም በገባ ቁጥር እንደገና እንፈልጋለን" የሚል መልስ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም፣ በኪስዋሂሊም እንዲወጣ ሆነ። ቃላቱን አንድ በአንድ የመረጠችው እሷ ናት። "እስካሁን" የምትለዋን ቃል አለቃችን ሊያስቀራት ሲል እምቢ አለችው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለታችንም ለሙከራ ስደተኛና ነጋዴ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስትሊ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄድን። የድርጅቱ መኪና ከጊጊሪ ተነስቶ ኢስትሊ እስኪደርስ ግማሽ ቀን የፈጀብን መሰለኝ፤ መንገዱ ጭቃ፣ ማታቱው ጥሩንባ ብቻ ነው፤ በየበሩ የተንጠለጠለው ልብስ መስኮታችንን ይጠርግ ነበር። ቅርንጫፉ ውስጥ መጀመሪያ የቀረበችልን ሴት የሞያሌ ሰው ናት፤ ኢስትሊ ጨርቅ ትነግዳለች። ሰፊ ጉርድና ሻሽ ለብሳለች፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በግርግር የተለየቻትን ታናሽ እህቷን ነው የምትፈልገው። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ነገረችኝ። ጻፍኩ። መልሱ መጣ፤ እስካሁን አልተገኘም።

አነበብኩላት። ሴትየዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ ፊደሎቹን አየቻቸው። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ውሃ ለማምጣት ተነሳሁ።

"እስከ ዛሬ 'ቆይ' ነው የተባልኩት" አለች። "ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሁሉም 'ቆይ' ነው። የለችም ያለኝ ሰው አልነበረም።"

"የለችም አላልንም፣ እህቴ" አለቻት እትዬ። "እዚህ ውስጥ የለችም ነው ያልነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

"ገብቶኛል። በአላህ፣ በደንብ ነው የገባኝ። አዲስ ስም ሲገባ ትፈልጉልኛላችሁ?"

"እኛ ብንረሳ ማሽኑ አይረሳም።"

ሴትየዋ የእትዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጨበጠችና ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ወራት አለፉ። ዝናቡ ገብቶ ነበር፤ በሰሜን በኩል ካለ ሌላ ካምፕ ብዙ አዲስ ስሞች ተልከው መጡ። አንድ ጠዋት የተቀመጡት ጥያቄዎች በአዲሶቹ ስሞች ውስጥ እየተፈለጉ ሳለ እትዬ ማዳመጫዋን አወለቀች። መልሳ አደረገችው። እንደገና አወለቀችው።

"ነይ፣ አንቺ በዓይንሽ እዪልኝ" አለችኝ። "እኔ የሰማሁትን ማመን አቅቶኛል።"

በእኔ ስክሪን ከፈትነው። ካምፑ የጻፈው ስም እኔ ኢስትሊ ለጨርቅ ነጋዴዋ ከጻፍኩት ጋር ፊደሉ አይመሳሰልም፤ ፈንክሽኗ ግን ሁለቱንም አስተካክላ አንድ አድርጋቸዋለች። የአባቷ ስም አንድ ነው። የአያቷም። ዕድሜዋም የሚሆን ነው።

"ገና አንናገርም" አለች እትዬ። "መጀመሪያ ይጣራ።"

ካምፑ ያሉት ባልደረቦቻችን ሴቲቱን አስጠርተው፣ እህትማማቾች ብቻ የሚያውቁትን ነገር እንዲጠይቋት ተደረገ። ነጋዴዋ ስሙን ባስመዘገበች ቀን የነገረችንን ጥያቄ ላክንላቸው፤ "ልጆች ሳላችሁ ታላቅ እህትሽን ትከሻዋን ምን ነከሳት?" የሚል። መልሱ በስልክ መጣ። የካምፑ ሠራተኛ እየሳቀ "አህያ ነው የምትለው፤ እርግጠኛ ነኝ፣ አህያ አለች" አለን። እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ነጋዴዋን ወደ ቢሮ ጠርተን ስልኩን አገናኘንላት። "ሄሎ" የሚለውን ብቻ ሰምተን በሩን ዘግተንላቸው ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ ከውስጥ መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ የሁለት ሰው የማያቋርጥ ወሬ ይሰማ ነበር። አለቃችን በዚያ ሲያልፍ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ "ገጹ ይሠራል" አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ታናሽየዋ ወረቀቷ ተስተካክሎ ናይሮቢ ስትመጣ ነጋዴዋ ሁለታችንን ምሳ ጠራችን። ከሱቋ በላይ ያለ ቤቷ ውስጥ ሩዝና የግመል ሥጋ በትልቅ ሳህን ቀረበ። እህትማማቾቹ አንድ ትራስ ላይ ተደግፈው፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየጨረሰች ያወሩ ነበር። ታናሽየዋ ገጹን የሠራው አንድ ትልቅ መሐንዲስ መስሏት "ያ ሰውዬ የታለ?" ብላ ስትጠይቅ እህቷ ወደ እትዬ ጠቆመቻት። ልጅቷ ተነስታ ጉልበቷን ሳመቻት። እትዬ ይህን ያህል ስትደነግጥ አይቼ አላውቅም፤ ሥጋ የያዘ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት "ኧረ ተይ፣ ኧረ ተይ" ብቻ ትል ነበር።

እኔ በዚያ ቢሮ ለዓመታት ቆየሁ። ብዙ ባለሙያ አየሁ፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። እንደ እሷ ግን፣ የምታውቀውን ነገር በሰው መዳፍ ላይ የምታስቀምጥ አላጋጠመኝም። እሷ ኋላ ላይ ዓይነ ስውራን ወጣቶችን ኮምፒዩተር ለማስተማር አዲስ አበባ ገባች። የሸኘኋት እኔ ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ትኬት የሚያየው ወጣት እሷን ዘሎ ወደ እኔ እያየ፣

"ዊልቸር ትፈልጋለች?" አለኝ።

"እግሬ ደህና ነው" ብላ ራሷ መለሰችለት በኪስዋሂሊ። "የመስኮት ወንበር ስጠኝ።"

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ "ለምን በመስኮት በኩል ሆነ፣ እትዬ?" አልኳት።

"ጠዋት አይደል የምበረው?" አለችኝ። "ፀሐዩን ልሙቀው እንጂ።"